የጋሽ ኪዳኔ ዝኩኒ በሊታ ዓሦች

ባለፈው ሳምንት ሲኤምሲ ልጄ ቤት ሄጄ፣ የልጅ ልጄን ታቅፌ ሳሎን ተቀምጬ ሳለሁ ምራቴ ወጥ ቤት ዝኩኒ ትቀቅል ነበር። ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሊጀምር ነው። ዝኩኒ ሲቀቀል ሽታ የለውም ይላሉ። ላልኖረበት ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ያ የረጠበ ሣር የመሰለ፣ ትንሽ ጣፈጥ ትንሽ ደግሞ አፈር አፈር የሚል እንፋሎት ሳሎን ድረስ መጥቶ ሲነካኝ ከተቀመጥኩበት ብድግ አደረገኝ።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ!» ብዬ ጮህኩ ሳላስበው። «ከዚያ በላይ ከቆየ ይበታተናል። አውጪና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ ከዚያ ሹካ ሰክተሽ...»

ምራቴ በበሩ ብቅ አለችና ሳቀች። «እማዬ፣ ለሕፃን እኮ ነው። በደንብ በስሎ ብሌንድ ይደረጋል። የምን ሹካ ነው ደግሞ?»

«ምንም» አልኳት።

ልጄ ዮናስ ስልኩን እየነካካ ነበርና ቀና ብሎ አየኝ። እሱ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ምንም አያስታውስም። ባሌ ካረፈ ቆየ። እንግዲህ ያን ቤት፣ ያንን ዓሣና ያቺን ልጅ የማስታውስ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

የምንኖረው አትላስ ነበር። አትላስ ስል የዛሬውን እንዳታስቡ። ሆቴሉና ቡና ቤቱ እንዲህ ተደራርቦ ሳይቆም፣ ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ኮረኮንች መንገድ ነበር፤ ክረምት ላይ ደህናውን ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ በአሮጌ ጫማ ጭቃውን አቋርጠን፣ አስፋልቱ ዳር ቆመን እንቀይር ነበር። አሮጌውን ጫማ ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ ያስቀምጥልናል። አከራያችን የዚያ መሬት የጥንት ገበሬዎች ልጅ ናቸው፤ ቦሌ ላይ ጤፍ ሲዘራ ያዩ እናት ነበሩ። ከግቢው ጀርባ ሁለት ላሞች ነበሯቸው። ሲቆጧቸውም ሲያባብሏቸውም በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ሂጂ ብላት ንቅንቅ የማትለው ላም እሳቸው አንድ ቃል ሲተነፍሱ ትሄዳለች። ወተቱን በለስላሳ ጠርሙስ ነበር የምንገዛው። ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ኮት እንለብሳለን፣ ወንዶቹ ሱሪያቸውን እምብርታቸው ድረስ ይስቡታል። መንገዱ ጫፍ ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ብቻ ነው የሚያዘፍን፤ ልብስ ስናጥብም በዚያው ዜማ ነው። ዛሬ በዚያ በኩል በራይድ ሳልፍ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ለመገመት እንኳ ይቸግረኛል። መስታወት ብቻ ነው።

እኛ ሰርቪሱን ተከራይተናል። ትልቁን ቤት የተከራዩት ጋሽ ኪዳኔ ነበሩ፣ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር። ጋሽ ኪዳኔ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው የሞቱት ሰናይት ገና አፏን ሳትፈታ ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ አማርኛቸው ላይ የትግርኛ ለዛ ትንሽ የቀረበት ሰው። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ግድግዳ ላይ እሳቸው ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቁመው ነበር። ብረቱን ራሳቸው በይደው፣ መስታወቱን ራሳቸው ለጥፈው የሠሩት። ውስጡ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ በድንጋዮቹ መሀል ደግሞ ሰማያዊና ቢጫ ዓሦች ይሽሎኮሎካሉ። ለሥራ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ሲሄዱ፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ የመጡ ናቸው ብሎ አንድ ሰው ሸጦላቸው፣ በላስቲክ ከረጢት ውሃና አየር ሞልተው፣ ኮታቸው ውስጥ አቅፈው አመጧቸው።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ስማቸው ማነው?» አልኩ።

«ሲክሊድ ይባላሉ። እናንተ የምትጠብሱት ቆሮሶ ዘመዳቸው ነው» አሉኝ። «አይዞሽ፣ እነዚህ አይጠበሱም።»

«ምን ይበላሉ?»

«አትክልት።»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ሰናይት ግን አሥር ዓመት የሞላት፣ ሁሉን ነገር በቁም ነገር የምትይዝ ልጅ ነበረችና እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝ። ዝኩኒውን እንደ ሳንቲም በስስ ከተፈችው። ሁለት ደቂቃ አፈላችው። ቀዝቃዛ ውሃ ነከረችው። ከዚያ ዝኩኒ እንዳይንሳፈፍ አሮጌ ሹካ ሰካችበትና ከነሹካው ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አንዱ ሰማያዊ ከድንጋይ ሥር ወጣ፣ ነከስ አድርጎ ሸሸ። ወዲያው ሁሉም ከየጎሬያቸው ግር ብለው ወጡ፤ ሹካው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እኔም የዓሣ መጋቢ ሆንኩ። አትክልት ተራ ስሄድ ለሁለት ቤት እገዛለሁ፤ ያን ጊዜ ዝኩኒ በኪሎ ብር ከምናምን ነው፣ ቆስጣማ ሻጯ ምርቃት ትጨምርልኛለች። አተር ቀቅለን ቅርፊቱን ልጠን እንሰጣለን። ሰላጣ በድንጋይ ተጭኖ ይገባል። የተረፈው በዕለቱ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው ይበላሻል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ በባልዲ አንድ ቀን ሳያድር አይጨመርም። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል፤ ያኔ እኔና ሰናይት በኩባያ ውሃውን እየቀዳን ከላይ መልሰን እናንቆረቁራለን፣ ክንዳችን እስኪዝል፣ ስለ ትምህርት ቤቷ እያወራችኝ። አንድ ቀን አንዲት ቢጫ ዓሣ ዝኩኒ አልነካም ብላ ጥግ ቆማ አገኘናትና ሰናይት ልትሞት ነው ብላ አለቀሰች። አባቷ ከሥራ ሲገቡ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «አልታመመችም፤ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው» አሉ። «ሦስት ሳምንት አትበላም። አፏን ከከፈተች ሌሎቹ ይበሉባታል።» ሰናይት ሦስት ሳምንት በጣቷ እየቆጠረች ጠበቀቻት።

አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነበር። ሥጋ። «አንጀታቸው ረጅም ነው፣ ለቅጠል የተሠራ ነው» ይሉኝ ነበር ጋሽ ኪዳኔ። «ሥጋ ይወዳሉ፣ ብትሰጫቸው ይሻማሉ። ግን ይገድላቸዋል።»

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ያ የድንበር ጦርነት ጊዜ መጣ። ስለ ጊዜው ብዙ አልልም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሬድዮው ድምፁ ተለወጠ። ትናንት ቤተኛ የነበረ ሰው፣ አባቱ የት ተወለደ ይባል ጀመር። ባለሱቁ ጋሽ ኪዳኔን ሲያይ ሰላምታው አጠረ። እሳቸው መሥሪያ ቤት መሄድ አቁመው ቤት መዋል ጀመሩ፤ የገንዳውን መስታወት በቀን ሁለት ጊዜ ያጸዱታል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ። ሦስት ሰዎች ገቡ፣ ትሑታን ናቸው፣ እንደምን አደርሽ አሉኝ። ጋሽ ኪዳኔ እጅጌያቸውን ክንዳቸው ድረስ ሰብስበው፣ ስፖንጅ ይዘው፣ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው በሩ ላይ ወጡ። «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ ይመለሳሉ» አሏቸው። እሳቸው እጃቸውን ቀስ ብለው በፎጣ አደረቁ፣ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። ሰናይትን ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስካለ፣ ልጅቷን።»

«አያስቡ ጋሽዬ።»

«ዝኩኒው ምድጃ ላይ ነው፣ አውጪው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አይቻቸው አላውቅም።

ሰናይት እኛ ዘንድ ገባች። ከዮናስ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛለች። ጠዋት ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትልቁን ቤት ከፍታ ዓሦቹን ትመግባለች፣ ከዚያ የቤት ሥራዋን ገንዳው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝታ ትሠራለች። ስለ አባቷ አትጠይቀኝም። እኔም አላነሳባትም። ከወር በኋላ በሰው በሰው ወሬ መጣልን፤ ከድንበር ማዶ አሻግረዋቸዋል፣ በሕይወት አሉ። ባሌ ታደሰ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በመጣ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺን ልጅ ደብቃችኋል ቢሉንስ? በዮናስ አምላክ፣ አስቢ እንጂ» ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አተር እየላጥን ሳለ ሰናይት ቀና ሳትል፣

«እትዬ አስኩ፣ አብራኝ የምትማረውን የቤቲን እናት ወስደዋቸዋል። ቤቲንም አብረው» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«እኔ ጋ ቢመጡ፣ ልጄ ናት በያቸው። አባዬ እስኪመጣ ብቻ።»

«እላቸዋለሁ» አልኩ።

«ማ ይሙት?»

«እናቴ ትሙት» አልኳት። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች።

የመጡት ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሴትየዋ ፋይል ይዛለች። ሰናይት ገንዳው አጠገብ ቆማ ዝኩኒውን ሹካ ላይ እየሰካች ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ከወንዶቹ ትልቁ ቤቱን ዙሪያውን አየ፣ ዓሦቹን አየ፣ ፈገግም ያለ መሰለኝ።

«ይቺ ልጅ ያንቺ ናት?» አለኝ።

የሰናይት እጅ ቆመ። አልዞረችም። ጀርባዋ ግን ሲሰማ አየሁት። ዮናስ ቀሚሴን ይዞ ይጎትተኛል።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አልኩ።

ይኸው ነው። ሦስት ቃል። ሰውየው ፋይሉን አልገለጠም። ስሟ እዚያ ወረቀት ላይ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከነበረ መዋሸቴ ለማንም አይጠቅምም ነበር። ካልነበረ... እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እነሳና የሆነ ሥራ እፈልጋለሁ።

«ወደ አባቷ ነው የምትሄደው፣ ምን ይከፋል?» አለች ሴትየዋ፣ እኔን ለማጽናናት መሰለኝ። እውነትም አባቷ ዘንድ ነበር የምትሄደው። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስከት ሁለት የተለያየ ካልሲ ከተትኩ። ሰናይት አላለቀሰችም። ዝኩኒውን ከነሹካው ቀስ አድርጋ ውሃው ውስጥ ለቀቀች፣ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ እንደ አባቷ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። ልስማት ስል ጉንጯን ሰጠችኝ።

«ሲጨርሱ ሹካውን አውጪው» አለችኝ። ሄደች።

ዓሦቹ እኔው ዘንድ ቀሩ። ትልቁን ቤት ሌላ ሰው ሲይዘው ታደሰ ከጓደኞቹ ጋር ገንዳውን ወደ ሰርቪሱ አዞረልኝ። ቦታ የለም፤ አልጋችንን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። እንደ ተማርኩት መገብኳቸው፤ ቆስጣ፣ አተር፣ ሰላጣ፣ ዝኩኒ። ከዚያ የትንሣኤ በዓል መጣ። ሁለት ወር ስንጾም ከርመን በግ አረድን፤ ቤቱ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ዓሦቹ መስታወቱ ላይ ተደርድረው የሚያዩኝ መሰለኝ። አንጀቴን በሉኝ። እኛ ስንበላ እነሱ ዓመት ከዓመት ቅጠል? ዛሬ እንኳ ይደሰቱ አልኩና ቀይ ሥጋ አድቅቄ ከትፌ በተንኩላቸው። እንደዚያ ሲሻሙ አይቻቸው አላውቅም። በማግሥቱም ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ቀን አንዱ ሆዱ ተነፍቶ ጥግ ቆመ። በሳምንቱ ሁሉም ተነፉ። አንድ በአንድ በጭልፋ እያወጣሁ፣ ከአከራያችን የላም በረት ጀርባ ቀበርኳቸው። የመጨረሻው ያ መጀመሪያ ቀን ቀድሞ ወጥቶ የነከሰው ሰማያዊ ነበር። ቢከለከልም ያደረግኩት ስለ ወደድኳቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ደግሞ ራሴን አላመንኩትም።

ገንዳውን ሸጥነው። ቆይቶ ግቢው ፈረሰ፣ እኛም ገርጂ ገባን። ከዚያ ወዲህ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ተማሪዎች ግር ብለው ሲያልፉ፣ አንዷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆማለች። ስንት ዓመት አለፈ፤ እሷ ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሄጄ ፊቷን ላይ ስል ሌላ ልጅ ትሆናለች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ደግሞ፣ ሁሉ ጸጥ ያለ ከሰዓት ላይ፣ ያ የአየር ሞተር ሲያንጎራጉር እሰማለሁ። ማቀዝቀዣው ነው እላለሁ። ሶኬቱን ነቅዬው አውቃለሁ፤ አላቆመም።

ጥቂት ዓመት ይሆነዋል፣ ተዘግቶ የኖረው የድንበሩ መንገድ ድንገት ተከፈተ። አውሮፕላን መብረር ጀመረ፣ ስልክ ሠራ፣ ቦሌ ላይ ሰው ተቃቅፎ ሲላቀስ በቴሌቪዥን አየን። እኔም አለቀስኩ፤ ደግሞም ፈራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ወይዘሮ አስካለ ነዎት?»

ድምፁን አላወቅሁትም። «ነኝ፣ ማን ልበል?»

«ሰናይት ነኝ። የኪዳኔ ልጅ። አትላስ መጥቼ ነበር፣ የጥንቱን ባለሱቅ ፈልጌ አገኘሁትና ቁጥርዎን ሰጠኝ።»

በማግሥቱ ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ካፌ ተገናኘን። ጂንስ የለበሰች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አባቷን ቁርጥ የሆነች ረጅም ሴት ተነስታ ጨበጠችኝ። ማኪያቶ አዘዘች። አማርኛዋ ገረመኝ፤ ያን ዘመን ልጆች የሚሉትን ትላለች፣ ዛሬ ማንም የማይለውን። ቋንቋው በሄደችበት ዕድሜ ቆሟል። አዲስ የተማረችው አንድ ነገር «እርስዎ» ማለት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አንቺ ነበር የምትለኝ።

«አባቴ እኔ እዚያ በደረስኩ በአራት ዓመቱ ዐረፈ» አለችኝ። «ልቡ ነው። አብሬው ነበርኩ።» ማኪያቶዋን አማሰለችና፣ «ዓሦቹስ?» አለችኝ።

እስከ ዕድሜያቸው ኖሩ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «ሥጋ ሰጠኋቸው» አልኩ። «ለበዓል። ሞቱ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ያ ድፍረት ሰጠኝ መሰለኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩት ንግግር ሁሉ ጠፍቶ አንዱ ብቻ ወጣ።

«ሰናይቴ፣ ያን ቀን ያልኩትን...»

«ሰምቻለሁ» አለች። «እዚያው ነበርኩ።»

«ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ትልቅ ስሆን አወቅሁት።» ማንኪያዋን በሳህኑ ላይ አስተካከለች። «ልጄ ናት ብለው ቢሆን ኖሮ አባዬን አላየውም ነበር። ብቻውን ይሞት ነበር። ይሄን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ልክ ነው፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ያኔ ይሄን ማን ያውቅ ነበር? እርስዎም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ። እኔ እንዲሉልኝ ነበር የምፈልገው። በቃ።»

«ይቅር በዪኝ» አልኳት። ካፌው ውስጥ ሰው ዞሮ አየን።

ውጭ ረዳቶች መገናኛ፣ መገናኛ እያሉ ይጮኻሉ። ዓይኗ እንባ አልያዘም፤ እንደ ልጅነቷ ነገሩን በቁም ነገር እያሰበችበት ነበር።

«አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ ብል አፌ ብቻ ነው የሚለው» አለችኝ በመጨረሻ። «እንዲህ ላታልልዎት አልፈልግም። ስሄድ አስብበታለሁ። እውነት ሲሆንልኝ እደውልልዎታለሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አልኩ፤ ቃሉን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷም ሰምታለች። ቁጥሯን በስልኬ ላይ ራሷ ጻፈችልኝ፣ መንገዱን አሻግራኝ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ፣ በሩን በእጇ ዘጋችልኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። አውሮፕላኑም ቀረ፣ ስልኩም። ቁጥሯን ስሞክር የማላውቀው ድምፅ ይመልስልኛል፣ ከዚያ ይቋረጣል። ዮናስ ይሄን አሮጌ ስልክ ጣይው፣ አዲስ ልግዛልሽ ይለኛል፤ ቁጥሩ ያው ይሆናል ብሎ ይምልልኛል። እኔ ግን እጄ ላይ በሌለበት ደቂቃ ቢጠራስ እያልኩ እምቢ እላለሁ። አንዳንዴ ገና እያሰበችበት ይሆናል እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ አስባ ጨርሳ ይሆናል፣ መስመሩ ነው እንጂ ያላገናኘን።